ባዶ መቃብር (ሴኖታፍ) ምንድን ነው?

ከለገሃር ወደ ፒያሳ በታክሲ ስትሄዱ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጋ ቀና በሉ። ትግላችን ሐውልት አለ፤ ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ ያለበት። ኮከቡን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግራና ቀኝ ያሉትን ፊቶች ግን እኔ ራሴ ስንት ዓመት ሳላያቸው አልፌያለሁ። የኩባ ወታደሮች ናቸው። በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያው ጦርነት ከኛ ልጆች ጎን ተሰልፈው የወደቁ።

ፊታቸው እንጂ አስከሬናቸው እዚያ የለም። እንዲህ ያለውን መታሰቢያ ፈረንጆች ሴኖታፍ ይሉታል። ቃሉ የመጣው ከግሪክ ነው፤ ባዶ መቃብር ማለት ነው። ስሙ እንግዳ ይሁን እንጂ ነገሩ ለኛ አዲስ አይደለም። ልጁ ጦር ሜዳ የቀረበት ቤተሰብ ምን ያደርጋል? ፎቶውንና ልብሱን አስቀምጦ ያለቅሳል። ያም ሴኖታፍ ነው፣ ድንጋይ የሌለው።

ሁሉም አገር ግን ሟቹን እንዲህ አይሸኝም። እንግሊዞች በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ወታደራቸው በወደቀበት አገር ይቀበር ነው ያሉት። ጉለሌ የጦር መቃብር አላቸው። ኩባ ደግሞ በአንጎላም በኢትዮጵያም የሞቱባትን ሰብስባ ወሰደች፤ ኅዳር 28 ቀን 1982 ዓ.ም. በየከተማው ቀበረቻቸው። ቸርችል ጎዳና ላይ ፊታቸው ቀረ።

እኛም እንደ ኩባ ነን። «ለአገሬ አፈር አብቃኝ» የሚል ሕዝብ ሟቹን ባሕር ማዶ አይተውም። ቃኘው ሻለቃ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ ሲዋጋ ከ120 በላይ ሰው ሞቶበታል። አስከሬናቸው አገሩ ገብቷል። ቡሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ዛሬ የኢትዮጵያዊ መቃብር የለም። (ትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያ እገዛ መሠራቱ የታሪክ ቀልድ ነው። ቃኘው የዘመተው እነሱኑ ሊወጋ ነበር።)

መታሰቢያቸው ግን ኮሪያ ውስጥ፣ ቹንቾን ከተማ ቆሟል። በግንቦት 1960 ዓ.ም. ሲመረቅ ጃንሆይ ራሳቸው ተገኝተዋል። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ አጠገቡ ጣሪያው የኛን ጎጆ የሚመስል አዳራሽ ተጨመረ።

ሰው አገር ያቆሙት ሐውልት ጠባቂው ባለአገሩ ነው። የሟች እናት በየዓመቱ ሄዳ ሻማ አታበራም። ስለዚህ እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ድንጋዩ አይደለም። ሐውልቱ በተመረቀ በጥቂት ወራት ውስጥ እዚያው አካባቢ አንድ ቡና ቤት ተከፈተ። ስሙ «የኢትዮጵያ ቤት» ነው። ኮሪያዎቹ እስከ ዛሬ ቡና ይጠጡበታል።