ግስላ ምንድን ነው?

ቁጣው የገነፈለ ሰው «እንደ ግስላ ሆነ» ይባላል። አውሬውን በዓይኑ ያየ ግን ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን ከነብር የተለየ፣ ከነብርም የከፋ ሌላ ፍጡር አድርገን እናስበዋለን።

ግስላ ግን ራሱ ነብር ነው፤ ጠቁሮ የተወለደ ነብር። «ነብር ዝንጉርጉርነቱን አይለውጥም» የሚባለው ለእሱም ይሠራል። ፀሐይ በጎን ስታርፍበት ከጥቁሩ ፀጉር ውስጥ ያው ዥጉርጉሩ ብቅ ይላል።

ጥቁረቱ እንዲወጣ ዘረ መሉ ከእናትም ከአባትም መወረስ አለበት። ከአንዱ ወገን ብቻ የወረሰ ግልገል ዥጉርጉር ሆኖ ያድጋል፤ ጥቁሩን ግን በደሙ ተሸክሞ ይዞራል። እንዲህ ያሉ ሁለት ነብሮች ከተገናኙ እያንዳንዱ ግልገል ግስላ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ ስለዚህ ጥቁርና ዥጉርጉር ወንድማማቾች አንድ ጡት ሊጠቡ ይችላሉ። (ነብር የሚመስለው የአሜሪካ አህጉር አውሬ፣ ጥቁሩ ጃጓር፣ ሌላ ነው፤ ለእሱ አንድ ወገን ይበቃዋል።)

ጥቁር ነብር የሚበዛው ጥላማና እርጥብ ደን ውስጥ ነው። በማሌዢያ ልሳነ ምድር ያሉት ነብሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥቁር ናቸው። በእኛ አገር ስሙ አብሮ የሚነሣው ከባሌው ሐረና ደን ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በኬንያ ላይኪፒያ አንድ ጥቁር ነብር በካሜራ መቀረጹ ሲወራ፣ ተመራማሪዎቹ ከዚያ በፊት በአፍሪካ ተረጋግጧል ያሉት ማስረጃ እ.ኤ.አ. የ1909 ነበር፤ ቦታውም አዲስ አበባ! በመካከሉ ያለው የ110 ዓመት ክፍተት አከራክሯል። እኔም ፎቶ አልተነሣም ማለት አልኖረም ማለት አይመስለኝም።

ድሮ የነብርና የግስላ ለምድ የጀግና ልብስ ነበር። ዛሬ ነብር በዓለም አቀፉ መዝገብ «ለመጥፋት ተጋላጭ» ከሚባሉት አንዱ ነው፤ የቆዳው ዓለም አቀፍ ንግድም በጥብቅ የተገደበ ነው። የከፋበት ግን የደኑ መመንጠር፣ ወጥመድና መርዝ ነው። ድኩላው ካለቀ ነብር ወደ ፍየል ይመጣል፤ ፍየሉን ያስበላ ሰውም ሬሳው ላይ መርዝ ይነሰንሳል።

ግስላን ለብቻው ነጥሎ መጠበቅ አይቻልም። የነገው ግስላ ዛሬ በዥጉርጉሮቹ ደም ውስጥ ነውና፣ ዥጉርጉሩን መግደል ያልተወለደውን ጥቁርም መግደል ነው።

መቁጠሩም ቀላል አልነበረም። ተመራማሪ አንዱን ነብር ከሌላው የሚለየው በነጠብጣቡ ነው፤ ጥቁሩ ታዲያ በምን ይለይ? መላው የተገኘው በማሌዢያ ነው። ደን ውስጥ የተጠመዱት ካሜራዎች ቀንም ሌሊትም ለዓይን በማይታየው በኢንፍራሬድ ብርሃን ብቻ እንዲያነሡ ተደረገ። በዚያ ብርሃን ጥቁሩ ፀጉር ይሳሳና የእያንዳንዱ ነብር ዝንጉርጉር ቁልጭ ብሎ ይወጣል።