የኦዞን ንጣፍና የሰሜን ሸዋ ደጋ

ኦዞን ሦስት የኦክስጅን አተሞች ተጣምረው የሚፈጥሩት ጋዝ ነው። 90 በመቶ ያህሉ የሚገኘው ስትራቶስፌር በሚባለው የከባቢ አየር ክፍል ነው። የፀሐይን ጎጂ የአልትራቫዮሌት ጨረር የሚያስቀርልን እሱ ነው። መጠኑ ግን በጣም ትንሽ ነው። ሁሉም ወርዶ ምድር ላይ ቢነጠፍ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከአንድ የመንዝ ባና አይበልጥም።

ሰሜን ሸዋ ከፍ ያለ አገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የመንዝ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በዚያ ላይ በምድር ወገብ አካባቢ የኦዞን ንጣፍ በተፈጥሮው ስስ ነው። ብርዱ ደግሞ ያታልላል። አልትራቫዮሌት ሙቀት የለውም። ሸዋ ሮቢት ሰው በላብ ሲጠመቅ ደብረ ብርሃን ጋቢ ይደረባል፤ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ግን ጨረሩ የሚበረታው ደብረ ብርሃን ላይ ነው። በጥቅምት ውርጭ በግ የሚጠብቅ ልጅ ጉንጩ የሚላጠው፣ ከንፈሩ የሚሰነጠቀው በብርዱ ብቻ አይደለም። ጨረሩ በጊዜ ብዛት የዓይን ሞራም ያመጣል። ስለዚህ ሰፊ ባርኔጣ ለደገኛ የግድ ነው።

ብዙ ሰው ይህን የፀሐይ ክረት «ኦዞኑ ስለተቀደደ ነው» ይላል። ትክክል አይደለም። ቀዳዳ የተባለው ያለው አንታርክቲካ ላይ ነው።

የኬሚስትሪ ሊቃውንቱ ማሪዮ ሞሊና እና ሼርዉድ ሮውላንድ እ.ኤ.አ. በ1974 የፍሪጅና የስፕሬይ ጋዞች ኦዞንን እንደሚያጠፉ አስጠነቀቁ። ከእነዚህ ጋዞች የሚላቀቅ አንድ የክሎሪን አተም እስከ 100,000 የኦዞን ሞለኪውሎችን ሊያፈርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1985 የብሪታንያ ተመራማሪዎች ቀዳዳውን ይፋ አደረጉ፤ የለኩትም ሃሌይ በተባለው ጣቢያ ነበር። ጣቢያው የተሰየመው በሥነ ፈለኩ ሊቅ በኤድመንድ ሃሌይ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት ሰማይ ላይ በታየ ብርሃን ምክንያት እንደሆነ ይነገራል። ያ ብርሃን የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። ሰማይ ማየት ለዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም።

ኦዞን አጥፊ ጋዞችን ለማስቀረት የተደረገው ስምምነት፣ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል፣ የተፈረመው በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ መስከረም 5 ቀን 1980 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. ተቀበለችው፤ የኦዞን ንጣፍ ጥበቃ አዋጅም አውጥታለች። ዛሬ የዓለም አገራት በሙሉ አባል ናቸው።

ሥራው ግን የሚያልቀው ፍሪጅ ሠሪው ቤት ነው። ፍሪጅ አልቀዘቅዝ ሲል «ጋዙ አልቋል» ይባላል። ጋዝ በራሱ አያልቅም፤ ሾልኳል ማለት ነው። ጠንቃቃ ባለሙያ መጀመሪያ የቱቦውን መጋጠሚያ የሳሙና አረፋ ይቀባል። አረፋው ከተነፋ ቀዳዳው እዚያ ነው። የቀረውንም ጋዝ በማሽን ስቦ ሲሊንደር ውስጥ ያስቀምጣል። የቸኮለው ቱቦውን ቆርጦ «ፍሽሽ» አድርጎ ይለቀዋል። አዳዲሶቹ ፍሪጆች ኦዞንን በማይጎዱ ጋዞች ነው የሚሠሩት። ከእነሱም አር-134ኤን የመሰሉት ምድርን ስለሚያሞቁ እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ ስምምነት እንዲቀነሱ ተወስኗል።

ንጣፉ እያገገመ ነው። እ.ኤ.አ. የ2022 ዓለም አቀፍ ግምገማ እንደሚለው፣ በአብዛኛው ዓለም እ.ኤ.አ. በ2040 አካባቢ፣ አንታርክቲካ ላይ ደግሞ በ2066 አካባቢ ወደ እ.ኤ.አ. 1980 መጠኑ ይመለሳል። ከአሮጌ ፍሪጅ የወጣ አር-12 የተባለው ኦዞን አጥፊ ጋዝ ግን አየር ላይ 100 ዓመት ያህል ይቆያል።