ስማርት ምንድን ነው? ኤስኤስዲው "ጉድ" እያለ ጉድ እንዳይሰራችሁ

ላፕቶፑ በየመሀሉ ድርቅ ይላል፣ ማውሱ ይንቀሳቀሳል ግን የነካችሁት ነገር አይከፈትም፣ ከዛ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ይሄን ለሚያውቅ ሰው ስትነግሩት መጀመሪያ የሚላችሁ "እስቲ ስማርቱን እየው" ነው። ምንድን ነው እሱ ደግሞ?

ስማርት ማለት ዲስኩ (ፋይላችሁ የሚቀመጥበት ዕቃ፣ የድሮው ሀርድ ዲስክም ይሁን የአሁኑ ኤስኤስዲ) ራሱ ስለራሱ የሚይዘው መዝገብ ነው። ውስጡ ያለው ኮንትሮለር (ዲስኩን የሚያስተዳድረው ቺፕ) ስንት ሰዓት እንደሰራ፣ ስንት ዳታ እንደተጻፈበት፣ ምን ያህል እንደጋለ፣ ስንት ጊዜ ማንበብ እንዳቃተው ሁሉ እየቆጠረ ያስቀምጣል። ነገሩ ከሀርድ ዲስክ ዘመን፣ ከፈረንጆቹ 1990ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። ዊንዶውስ ላይ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ፣ ሊኑክስ ላይ ስማርትሞንቱልስ አውርዳችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን እዚህ ጋ ነው። ፕሮግራሙን ይከፍታል፣ ሰማያዊው ሳጥን ውስጥ "ጉድ 96%" (በእንግሊዝኛ ደህና ነው ማለት) የሚል ያያል፣ ተመስገን ብሎ ይዘጋዋል። ኤንቪኤምኢ የሚባሉት አዲሶቹ ፈጣን ኤስኤስዲዎች ላይ ያ 96 የመጣው "ፐርሰንቴጅ ዩዝድ" የሚለው ከ100 ተቀንሶ ነው፣ ማለትም ፋብሪካው ይችላል ብሎ ከገመተው የመጻፍ አቅም 4% ሄዷል ማለት ብቻ ነው። የጎማው ጥርስ አላለቀም ማለት ሚስማር አልወጋውም ማለት አይደለም። እንደውም ፐርሰንቴጅ ዩዝድ 100ን አልፎ ሁሉ ሊሄድ ይችላል፣ 100 ስለሞላ ዲስኩ እዛው ቀጥ አይልም።

የኔው ዲስክ "ጉድ" እያለ ነው እውነትም ጉድ የሆነው። አንድ የፎቶ ፎልደር ኮፒ ሳደርግ ሁሌ እዛችው ፋይል ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ዜሮ ይገባል። ከዛ ወደታች ወርጄ "ሚዲያ ኤንድ ዳታ ኢንቴግሪቲ ኤረርስ" የሚለውን መስመር ሳይ 3 ይላል፣ በሳምንቱ 13። ኧረ እሱም 13 አልነበረም፣ ፕሮግራሙ ካልቀየራችሁት በሄክስ (በአስር ሳይሆን በ16 በሚቆጥረው አጻጻፍ) ስለሚያሳይ ለካ 19 ነው! መታየት ያለበት መስመር ይሄ ነው፣ ጤነኛ ዲስክ ላይ 0 ነው፣ ከጨመረ ደግሞ አንብቦ ማረም ያቃተው ዳታ አለ ማለት ነው። ሌላው "አቬይለብል ስፔር" ነው፣ የተበላሸውን የሚተካው መጠባበቂያ ቦታ፣ ከ100 ይጀምርና አጠገቡ ከተጻፈው ገደብ (ብዙ ጊዜ 10) ከወረደ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። "አንሴፍ ሻትዳውንስ" በዝቶ አይታችሁ አትደንግጡ፣ በአግባቡ ሳይዘጋ ፓወር የተቋረጠበትን ነው የሚቆጥረው። ሳታ በሚባለው የቆየ መሰኪያ የሚገናኝ ዲስክ ላይ ሲአርሲ ኤረር (ዳታው ሲተላለፍ መንገድ ላይ ሲበላሽ የሚቆጠረው) የሚለው ብቻ እየጨመረ ከሆነ ደግሞ ዲስኩን ከመክሰሳችሁ በፊት ኬብሉን ወይ መሰኪያውን እዩት።

ስማርት ጭራሽ የማያየው ነገርም አለ። ሀርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ኤስኤስዲ ድምጽ የለውም፣ ኮንትሮለሩ ራሱ ከሄደ ማታ ደህና የዘጋችሁት ጠዋት ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚመጣው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ) ላይ እንኳን ላይታይ ይችላል፣ ያኔ መዝገቡን የሚይዘውም አብሮ ሄዷል። በተቃራኒው ዲስኩ ምንም ሳይሆን ጢም ብሎ ስለሞላ ወይ ስለጋለ፣ ወይ ደግሞ ራሙ ስለተበላሸ ላፕቶፑ እንደዛ ሊያደርገው ይችላል።

ስለዚህ ጥርጣሬ ከገባችሁ ከምርመራው በፊት ፋይላችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ በጣም የምትፈልጉትን አስቀድማችሁ። ቼክ ዲስክን (የዊንዶውስን የዲስክ መፈተሻ) ከነ ጥገናው ማስነሳት ከዛ በኋላ ይደርሳል፣ እሱ ዲስኩ ላይ ስለሚጽፍ የታመመውን ሊያባብሰው ይችላል። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ የስማርቱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ በሳምንቱ ድጋሚ ከፍታችሁ አስተያዩ። የሚዲያ ኤረሩ መስመር ከጨመረ ሳጥኑ ሰማያዊ ቢሆንም ዲስኩን ቀይሩት።