«ብረት ድስት ነው እኮ የጣድኩት!» እና ሌሎች ስለ ኢንዳክሽን ምድጃ የሚወሩ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው የምጠግነው። በሳምንት ሁለት ሶስቴ ሰው አዲስ ኢንዳክሽን ምድጃ ከነካርቶኑ ይዞ ይመጣና «የተበላሸ ነው የሸጡልኝ» ይለኛል። ሰክቼ የኔን ድስት ስጥድበት ወዲያው ይሰራል። ምን ጥደህበት ነበር ስለው መልሱ ሁሌም አንድ ነው፣ «ብረት ድስት ነው እኮ የጣድኩት!» በጣም ሰልችቶኛል፣ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ችግሩ አጠራራችን ላይ ነው። እኛ ሸክላ ያልሆነውን ድስት በሙሉ ብረት ድስት እንለዋለን፣ ቤታችሁ ያለው ቀለል ያለ ነጭ ድስት ግን አብዛኛውን ጊዜ አልሙኒየም ነው። ኢንዳክሽን የሚፈልገው ደግሞ ማግኔት የሚይዘው ብረት ነው። ለምን መሰላችሁ፣ ከመስታወቱ ስር የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ፣ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ አቅጣጫውን እየቀያየረ ያልፍበታል፣ ከዛ የሚወጣው የማግኔት ኃይል የድስቱ ቂጥ ውስጥ ገብቶ እዛው ኤሌክትሪክ ያሽከረክራል፣ የሚግለው እንግዲህ ድስቱ ራሱ ነው። አልሙኒየም ስትጥዱበት ምድጃው ድስት እንዳላገኘ ቆጥሮ ይጮሃል፣ ብዙዎቹ ላይ E0 የሚል ይመጣል፣ ከዛ ይጠፋል። ይሄ ብልሽት አይደለም!

«እሺ ስቴንለስ ከሆነ ይሰራል» የሚሉም አሉ፣ ይሄኛው ይብሳል ምክንያቱም ሻጮችም ይሉታል። በቅርቡ አንዲት እናት አምስት ድስት ያለው የስቴንለስ ስብስብ ገዝተው መጡ፣ ሁሉም ይሰራል ተብለው ነው የገዙት፣ ማግኔት ሳስጠጋ የያዘው ሁለቱ ብቻ ነው። ሶስቱ ቂጣቸው ላይ 18/10 የሚል ተጽፎባቸዋል፣ ኒኬል የሚባል ማዕድን በደንብ ያለበት፣ ማግኔት የማይይዝ ስቴንለስ ማለት ነው፣ እንደዛ ያለው ቂጡ ላይ ሌላ ማግኔት የሚይዝ ብረት ካልተለጠፈበት ኢንዳክሽን ላይ አይሞቅም። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ተቆጥቦ የተገዛ ዕቃ ነው። ስለዚህ ድስት ልትገዙ ስትሄዱ ማግኔት ያዙ፣ ፍሪጅ በር ላይ የሚለጠፈው ጌጥ ይበቃል፣ ጎኑን ሳይሆን ቂጡን ሞክሩ፣ ጥብቅ ብሎ ከያዘ ግዙት፣ ላላ ካለ ተዉት። የማይጣበቅ የሚባለው መጥበሻ አልሙኒየም ቢሆንም ቂጡ ላይ ብረት የተገጠመለት አለ፣ የተጠቀለለ ሽቦ ምልክት ታዩበታላችሁ። ደግሞ ቂጡ ጠፍጣፋና ወፈር ያለ ይሁን፣ ስፋቱም ከ12 ሴንቲሜትር አይነስ፣ ከዛ ያነሰውን ብዙ ምድጃ አያየውም።

ሸክላ ድስትና ጀበናም አይሰሩም። ምድጃውና ድስቱ መሃል የሚቀመጥ ክብ የብረት ሳህን ይሸጣል፣ ይሰራል፣ ግን ሙቀቱ ወደ ምድጃው ስለሚመለስ ዕድሜውን ያሳጥራል። ቡናችሁን በከሰል ወይም በተራው ስቶቭ አፍሉ።

«ካርድ ይጨርሳል» ለሚሉ፦ አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት ባለ 2000 ዋት ኢንዳክሽን ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ነው የሚፈጅበት፣ 0.11 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። ባለ ሽቦው ስቶቭ ለዛው ውሃ ከዚህ በላይ ይበላል። ካርዳችሁን የሚጨርሰው ከ3000 ዋት በላይ የሚስበው የእንጀራ ምጣድ ነው። ኢንዳክሽኑን ግን በቀጭን ኤክስቴንሽን አትሰኩ፣ 9 አምፔር ገደማ ይስባል፣ የቀለጠ ኤክስቴንሽን ስንቴ አይቻለሁ፣ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት።

ጨረሩ ካንሰር ያመጣል የሚባለው እንዲሁ ወሬ ነው፣ ሬዲዮ ጣቢያዎች ከሚጠቀሙበት ሞገድ በታች ያለ ድግግሞሽ ነው። ፔስሜከር፣ ማለትም የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ፣ የተገጠመለት ሰው ግን ከምድጃው 60 ሴንቲሜትር ያህል ይራቅ፣ ሐኪሙንም ይጠይቅ።

መስታወቱ አይሞቅም የሚለውም ልክ አይደለም፣ ድስቱ መልሶ ያሞቀዋል፣ ልጆች እንዳይነኩት።

ሌላው «ኢንዳክሽን ወጥ ያሳርራል» ነው። የሚያሳርረው አጀማመራችሁ ነው። ሽንኩርት ያለዘይት ስታቁላሉ ቀጭን ድስት ጥዳችሁ 2000 ዋት ላይ ከከፈታችሁት ዘወር ከማለታችሁ ያራል፣ ምክንያቱም እንደ ሽቦው ስቶቭ ቀስ እያለ አይግልም፣ ወዲያው ነው። ከ600 ወይም 800 ጀምሩ፣ ሽንኩርቱ ውሃውን ሲያወጣ ጨምሩ፣ በርበሬው ሲገባ መልሳችሁ ቀንሱ፣ ከዛ ወጡ እንደውም ከከሰል ይልቅ እጃችሁ ላይ ነው።

እና እባካችሁ ወጡ ሲወርድ ወዲያው ሶኬቱን አትንቀሉ፣ ካጠፋችሁት በኋላ የምትሰሙት የፋን ድምጽ ውስጡን እያቀዘቀዘ ነው፣ በራሱ ጊዜ ሲቆም ንቀሉት። እውነት ተበላሽቶ እኔ ጋ ከሚመጣው ውስጥ ስንቱ በዚህ የተቃጠለ ነው።