ባለ ቀዳዳ ሲሊካ ምንድን ነው? ከሩዝ ገለፈት እስከ ጫማ ካርቶን

አዲስ ጫማ ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከረጢት ታገኛላችሁ። «አትብሉ» የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል። አብዛኞቻችን ወዲያው እንጥላታለን። ውስጧ ያሉት ፍሬዎች ሲሊካ ጄል ይባላሉ፤ ሥራቸው እርጥበት መምጠጥ ነው። ከባለ ቀዳዳ ሲሊካ ዓይነቶች ሁሉ በጣም የታወቀው ይኸው ነው። እንደ ሩዝ ገለፈት ካለ ቆሻሻም ሊሠራ ይችላል።

ሲሊካ ራሱ ብርቅ ነገር አይደለም። የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ ነው። የአብዛኛው አሸዋ ዋና ክፍል እሱ ነው፤ የመስታወትም እንዲሁ። ግን ካርቶኑ ውስጥ አሸዋ ብንጨምርበት ጫማውን ከእርጥበት አያድንልንም። ልዩነቱ ያለው ቀዳዳው ላይ ነው።

እንጀራን አስቡ። ዓይን ያወጣ እንጀራ ወጡን ይጠጣል። ዓይን የሌለው ላይ ግን ወጡ ይንሸራተታል፤ ጤፉ ያው ጤፍ ሆኖ ሳለ። ሲሊካም እንደዚያ ነው። ብቻ የእሱ ዓይኖች በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው የሚለኩት። በብዛት ስለሆኑ የግድግዳቸው ስፋት ጉድ ያሰኛል። የአንድ ግራም ሲሊካ ጄል የውስጥ ገጽ ብዙ ጊዜ ከ500 ካሬ ሜትር ይበልጣል። 15 ግራም ካላችሁ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ይዛችኋል ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ከቆሻሻ ጋር ምን አገናኘው?

በተለመደው መንገድ ፋብሪካዎች ባለ ቀዳዳ ሲሊካ ለመሥራት አሸዋን ከሶዳ አመድ ጋር ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ያቀልጡታል። ይህ ብዙ ነዳጅ ይፈጃል። የሩዝ ተክል ግን ሥራውን ገና ማሳ ላይ እያለ ጀምሮልናል። ከአፈሩ ውኃ ጋር የሟሟውን ሲሊካ በሥሩ ይስብና ግንዱንና ገለፈቱን ያጠነክርበታል። ገለፈቱ ለመኖ እምብዛም የማይሆነው አንድም ለዚህ ነው። 100 ኪሎ ያልተፈለፈለ ሩዝ ወደ 20 ኪሎ ገለፈት ይወጣዋል። ያ ሲቃጠል 4 ኪሎ ገደማ አመድ ይቀራል። በደንብ ከተቃጠለ ከአመዱ 90 በመቶ አካባቢ ሲሊካ ነው። ፎገራ ሩዝ አገር ነው፤ በወረታ መፈልፈያ ቤቶች አካባቢ የሚከመረውን ገለፈት ያየ ሰው ይህን ስሌት ቶሎ ይረዳዋል።

«በደንብ ከተቃጠለ» ያልኩት በምክንያት ነው። ከ500 እስከ 700 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲሊካው ቅርጽ አልባ ሆኖ ይቆያል፤ በኬሚካል በቀላሉ ይሟሟል። እሳቱ በጣም ከበረታ ግን ወደ ክሪስታልነት ይለወጣል። ያኔ ለመሟሟት እምቢ ይላል። ብናኙም አደገኛ ነው፤ ወደ ሳንባ የሚገባ የክሪስታል ሲሊካ ብናኝ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። እሳቱ ካነሰ ደግሞ ከሰል የተቀላቀለበት ጥቁር አመድ ታገኛላችሁ። ሜዳ ላይ የተለኮሰ ክምር ሁሉንም በአንድ ላይ ይሰጣችኋል፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ገለባም አመዱ ሲሊካ አለው፤ ግን ከማሳ የመጣ አሸዋ ይቀላቀልበታል። የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎች አመድ ደግሞ አሉሚኒየምና ብረት ስላለበት ማጣራቱ ይከብዳል። ለእኔ የሩዙ ይሻላል።

ቀጥሎ ያለው ወጥ እንደ መሥራት ነው። አመዱን ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ታፈሉታላችሁ። ሲሊካው ሟሙቶ ሶዲየም ሲሊኬት የሚባል ፈሳሽ ይሆናል፤ ከሰሉ በማጣሪያ ይቀራል። ፈሳሹ ላይ አሲድ ቀስ እያላችሁ ስትጨምሩ ይረጋል። የረጋው ነገር ውኃ የሞላበት የሲሊካ መረብ ነው። ጨው ይታጠባል፣ ከዚያ ይደርቃል።

ፈተናው ማድረቁ ላይ ነው። ጥቁር አፈር በበጋ እንዴት እንደሚኮማተርና እንደሚሰነጣጠቅ ታውቃላችሁ። ውኃው ሲተን ግድግዳዎቹን ወደ ውስጥ ይጎትታል። ጄሉም እንደዚያው ይጨማደዳል፤ ሆኖም የሚተርፉት ቀዳዳዎች ለጫማ ካርቶን ይበቃሉ። በ1931 ሳሙኤል ኪስትለር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ፈሳሹን በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት በማውጣት መጨማደዱን አስቀረው። የተገኘው ኤሮጄል ከ90 በመቶ በላይ አየር ነው። ናሳ በ1999 ያመጠቃት ስታርደስት መንኮራኩር የጅራታም ኮከብ አቧራ የያዘችው በዚህ ነው።

ቀዳዳዎቹን እኩል መጠን ያላቸው ማድረግም ይቻላል። የእንጀራ ዓይን እኮ አረፋው ወጥቶ የሄደበት ቦታ ነው። በ1992 የሞቢል ኩባንያ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ዘዴ አሳወቁ። ሳሙና መሰል ሞለኪውሎች ውኃ ውስጥ እንደ ዘንግ ይሰበሰባሉ፤ ሲሊካው በዙሪያቸው ይረጋል፤ በኋላ ዘንጉ ይቃጠላል። ማር እንደሌለበት ሰፈፍ ያለ ነገር ይቀራል። መነሻው የሩዝ አመድ ቢሆንም ይሠራል።

«ከቆሻሻ የተሠራ» ስለተባለ ብቻ ንጹሕ ነው ብዬ ግን አልምልም። ኮስቲክ ሶዳውና አሲዱ ይገዛሉ፤ እጥበቱ ብዙ ውኃ ይፈልጋል፤ ጨዋማው ፍሳሽ ደግሞ የት እንደሚሄድ መታሰብ አለበት። ያም ሆኖ ሥራው ከቤተ ሙከራ ወጥቷል፤ የጎማ አምራቹ ጉድይር ከሩዝ ገለፈት አመድ የተገኘ ሲሊካ ለመኪና ጎማ ይጠቀማል።

ከረጢቷን ወደ መጣል ከመሄዳችሁ በፊት፦ በክረምት ከሰነድ ወይም ከካሜራ ጋር አስቀምጧት። ስትጠግብ ፍሬዎቹን አውጥታችሁ በ120 ዲግሪ አካባቢ ብታሞቋቸው ውኃውን ለቀው እንደገና ይሠራሉ። ሰማያዊ ከሆኑ ግን ተዉአቸው፤ ቀለሙ ብዙ ጊዜ ከኮባልት ነው የሚመጣው፣ መርዝነት አለው።