የተጣራ ፍሳሽ ለከተማ፦ ብዙ ጊዜ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ቢጫ ጀሪካን ምን ያህል እንደሚከብድ የተሸከመ ያውቀዋል። 20 ሊትር ነው። የቆየ የሽንት ቤት መቀመጫ የውሃ ማጠራቀሚያ ደግሞ አንዴ ሲለቀቅ 9 ሊትር ገደማ ይጨርሳል። ሁለት ጊዜ ከተለቀቀ አንድ ጀሪካን የመጠጥ ውሃ ሄደ ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ለገዳዲ ላይ ተጣርቶ፣ ክሎሪን ተጨምሮበት የመጣ ውሃ ለምን ይባክናል? በደንብ የተጣራ ፍሳሽ ይበቃዋል። ይህን ባነሳሁ ቁጥር ግን የሚመለሱልኝ ነገሮች አሉ።

«የሽንት ቤት ውሃ ሊያጠጡን ነው»

አይደለም። አብዛኞቹ ከተሞች የተጣራ ፍሳሽን የሚፈልጉት ለመናፈሻ፣ ለፋብሪካ ማቀዝቀዣ፣ ለግንባታና ለእርሻ ነው። እስራኤል ከፍሳሿ 90 በመቶ የሚጠጋውን አጣርታ ትጠቀምበታለች፤ የሚሄደውም በዋናነት ለእርሻ ነው። እዚያ የምትኖሩ ወገኖቻችን በእርሻ ዳር ሐምራዊ ቧንቧ አይታችሁ ይሆናል። ቀለሙ «ይህ አይጠጣም» ማለት ነው።

«ቢጣራም ንጹሕ አይሆንም»

ምን ያህል እንደሚጣራ የሚወስነው ሥራው ነው። ለአበባና ለሣር የሚበቃው ለመጠጥ አይበቃም። እስከ መጠጥ ማድረስም ይቻላል፤ ወጪው ነው የሚከብደው። የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሆክ በአቅራቢያዋ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። ስለዚህ ከ1968 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ፍሳሿን አጣርታ ትጠጣለች። በ2002 ሥራ የጀመረው አዲሱ ጣቢያ በቀን 21 ሺህ ሜትር ኩብ ማምረት ይችላል። ውሃው በኦዞን (ጀርም በሚገድል ጋዝ)፣ በከሰልና በስስ ማጣሪያዎች ካለፈ በኋላ ከሌላ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ነው ወደ ቤት የሚገባው።

እኔን ከማሽኑ በላይ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ከተማዋ የፋብሪካ ፍሳሽን ከቤት ፍሳሽ ለይታ በሌላ መስመር ትወስዳለች። የቆዳ ፋብሪካ ኬሚካል መጀመሪያውኑ ካልገባ፣ ለማውጣትም መታገል አይኖርም።

«የአቃቂ ገበሬ ድሮም እየተጠቀመበት ነው»

ይህ ያሳዝነኛል። ከአቃቂ ወንዝ የሚጠጣው ጎመንና ሰላጣ የሚያገኘው ያልተጣራ ፍሳሽ ነው፤ የፋብሪካ ዝቃጭም አለበት። ገበሬው ሌላ ውሃ ስለሌለው ነው የሚጠቀምበት። ይህን ከተጣራ ፍሳሽ ጋር አንድ አድርጎ ማውራት ሁለቱንም መበደል ነው።

«ማጣሪያ ጣቢያ ካለ ነገሩ አለቀ»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የቃሊቲን ጣቢያ እንውሰድ። ከማስፋፊያው በኋላ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጎ ተሠርቷል። የተሠራው ግን ከከተማው ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ነው፤ ፍሳሽ ያለ ፓምፕ ቁልቁል እንዲወርድ። ተጣርቶ ወደ ፒያሳ ይመለስ ቢባል ያን ሁሉ ዳገት በፓምፕ መግፋት ነው። መብራት ይበላል። ቧንቧ መቅበርም አስፋልት መቆፈር ነው።

ስለዚህ ዕቅድ አውጪው ቧንቧ ከመቁጠሩ በፊት ደንበኛ መቁጠር አለበት። ማነው ብዙ ውሃ የሚጨርሰው? የት ነው ያለው? በየትኛው ወር ይፈልጋል? ክረምት ሲገባ መናፈሻ ማጠጣት ይቆማል፤ ፍሳሹ ግን አይቆምም። መናፈሻን ብቻ ይዞ የተነሳ ዕቅድ ሐምሌ ላይ ውሃውን መልሶ ወንዝ ውስጥ ይደፋል። ዓመቱን ሙሉ የሚወስድ ፋብሪካ ያስፈልጋል። ደስ የሚለው፣ አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካ ሰፈር ነው፤ ደንበኛው ጣቢያው አጠገብ አለ። ለላይኛው የከተማ ክፍል ደግሞ እዚያው ኮንዶሚኒየሙ አጠገብ ትንሽ ማጣሪያ መትከል ይሻላል።

ለአዲስ ሕንፃ ደግሞ ሁለተኛው መስመር፣ ማለትም የተጣራውን ፍሳሽ ለሽንት ቤት የሚያመጣው ሐምራዊ ቧንቧ፣ ከልስኑ በፊት ነው መግባት ያለበት። በኋላ ይደረጋል ከተባለ ግድግዳ ማፍረስ ይመጣል።

«ሁለቱ ቧንቧ መቀላቀሉ አይቀርም»

ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ቸልተኛ ቧንቧ ሠራተኛ ሊያገናኛቸው ይችላል። መፈተሻው ግን ቀላል ነው። የመጠጡ መስመር ይዘጋና የቀረው ውሃ እስኪያልቅ ይለቀቃል፤ ሐምራዊው ክፍት ሆኖ ይቆያል። ከዚያ የወጥ ቤቱና የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ በየተራ ይከፈታል። ከአንዱ እንኳን ውሃ መፍሰሱን ከቀጠለ የሆነ ቦታ ተገናኝተዋል፤ እስኪገኝ ድረስ ያ ሕንፃ አይረከብም።