መጽሐፍ ሽፋን ላይ ያለው «ኢንትሮዳክሽን» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው ኮምፒውተር ሳይንስ መማር ለሚፈልጉ ልጆች የመጽሐፍ ምክር ሲሰጥ አየሁ። «ኢንትሮዳክሽን ቱ አልጎሪዝምስ» (የአልጎሪዝም፣ ማለትም ችግር ደረጃ በደረጃ የሚፈታበት ዘዴ፣ መግቢያ) የሚባለውን ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ከፍ አድርጎ ያሳያል። «ስሙ ራሱ ኢንትሮዳክሽን ነው፤ ለጀማሪ ነው የተጻፈው። በወር ጨርሱት። ይሄ ከከበዳችሁ ግን ፊልዱ የእናንተ አይደለም» ይላል። ሰው በድፍረት ሲሳሳት እያየሁ ብዙ ጊዜ አልፋለሁ። ይቺ ግን አላሳልፍ አለችኝ።

ምክንያት አለኝ። ባለፈው ሴሚስተር አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዬ ይሄንኑ መጽሐፍ ታቅፎ ቢሮ መጣ። ዲፓርትመንት መቀየር ፈልጓል። ምን ሆነህ ነው ስለው፣ «ቲቸር፣ መግቢያው ካቃተኝ መውጫዬን ልፈልግ ብዬ ነው» አለኝ። እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

የንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ ሽፋን ላይ «ኢንትሮዳክሽን» ሲል ደራሲው የሚገባልህ ቃል ሁለት ነው። ይህን ዘርፍ ታውቃለህ ብዬ አልነሳም፤ የዘርፉን ቃላት ከመጀመሪያው እኔው እፈታልሃለሁ። ምርምሩ ዛሬ እስከደረሰበት ጫፍም አልወስድህም። በቃ። ቀላል ነው አላለህም። በወር ያልቃል አላለህም። ከሌላ ቦታ ይዘኸው የምትመጣው ነገር የለም አላለህም።

«ቀላል» ስል ሰው በየቀኑ የሚለውን ቀላል ማለቴ ነው። በእኛ ሙያ ቀላል ችግር የሚባለው በፖሊኖሚያል ጊዜ የሚፈታው ነው፣ ማለትም የመፍቻ ጊዜው ከግብዓቱ መጠን ካሬ፣ ኩብ ወይም ሌላ ቋሚ ፓወር በላይ የማያድገው፤ ያ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አንድ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ፕራይም፣ መሆን አለመሆኑን መለየት በዚህ ትርጉም «ቀላል» እንደሆነ የተረጋገጠው በ2002 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ሦስት ህንዳውያን ናቸው ያረጋገጡት። ሰው ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ማሰብ ከጀመረ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቀላል መሆኑን ለማወቅ ይሄን ያህል ፈጀ።

ወደ መካሪያችን እንመለስ። ከፍ አድርጎ ያሳየውን መጽሐፍ ቢከፍተው ጥሩ ነበር። መቅድሙ ላይ ደራሲዎቹ ራሳቸው ጽፈውታል፦ ፕሮግራም የመጻፍ ልምድ ሊኖርህ ይገባል፣ የሒሳብ ማረጋገጫም፣ በተለይ ኢንዳክሽን (ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ እየተሻገሩ ለሁሉም ማረጋገጥ)፣ ልትለምድ ይገባል ይላሉ። በአንድ ሴሚስተር ከሚያልቀው በላይ ይዘት እንዳለውም ይናገራሉ። መጽሐፉ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1990 ሲወጣ ኤም አይ ቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ከሚሰጥ ኮርስ የተወለደ ነው፤ ዛሬ ከ1,200 ገጽ በላይ ነው። ጀማሪ የሚለው ለአልጎሪዝም ትንተና አዲስ የሆነውን እንጂ ለኮምፒውተር አዲስ የሆነውን አይደለም። እዚያ ኮርሱ የሚሰጠው አንድ ሴሚስተር ሙሉ ነው፤ ሰውዬአችን አንድ ወር ሰጣችሁ።

ስያሜው የዛሬ አመል አይደለም። ኦይለር በ1748 ሁለት ቅጽ ሲያሳትም ስሙን «መግቢያ» ነው ያለው፤ ወደማያልቁ ነገሮች ትንተና የሚያስገባ መግቢያ። ሳይንና ኮሳይንን ከኤክስፖኔንሻል ጋር ያገናኘበት ታዋቂ ቀመር እዚያ ውስጥ ነው። በዘመኑ ትልቁ የሒሳብ ሰው አዲስ ግኝቱን ጨምሮ የጻፈውን «መግቢያ» ብሎታል። እውነቱን ለመናገር ሌላም ዓይነት አለ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል በ1918 የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት በመቃወም በጻፈው ነገር ለንደን ብሪክስተን እስር ቤት ገባ፤ እዚያ ሆኖ የሒሳብ ፍልስፍና መግቢያ ጻፈ። ያንን የሒሳብ ምልክት የማይወድ ሰውም ቁጭ ብሎ ሊያነበው ይችላል። ሁለቱም ሽፋን ላይ ያለው ቃል አንድ ነው።

«ኤለመንታሪ» የሚለውማ ይባስ። እኛ አገር ኤለመንታሪ ሲባል ትዝ የሚለን ዩኒፎርምና የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ነው። ሒሳብ ውስጥ ኤለመንታሪ ማረጋገጫ ማለት ከተወሰኑ ከባድ መሣሪያዎች ውጭ የተሠራ ማለት ነው። ብቸኛ ቁጥሮች እንዴት እየሳሱ እንደሚሄዱ የሚናገረው ቴዎረም በ1896 በኮምፕሌክስ አናሊሲስ፣ ከእነዚያ ከባድ መሣሪያዎች በአንዱ፣ ተረጋገጠ። ኤለመንታሪው ማረጋገጫ የተገኘው ግን ከ50 ዓመት በኋላ ነው፤ ሴልበርግና ኤርዶሽ የሚባሉ የሒሳብ ሰዎች አገኙት። ከመጀመሪያው ይልቅ ለመከተል የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ትራክተር እያለ በዶማ ማረስ በሉት።

አሁን ደብረ ዳሞን አስቡልኝ። ትግራይ ያለው፣ ዙሪያውን ገደል የሆነው አምባ። አቡነ አረጋዊ በ6ኛው ክፍለ ዘመን መሠረቱት የሚባለው ገዳም አናቱ ላይ ነው። መግቢያው ገመድ ነው። 15 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ዐለት በጠፍር ትወጣለህ። ላይ ስትደርስ ሜዳ ነው። ቤቶች አሉ፣ የውኃ ጉድጓዶች አሉ፣ በእግርህ ትዞረዋለህ። ከቦታው ሁሉ አስቸጋሪው መግቢያው ነው። «መግቢያ ስለሆነ ቀላል ነው» የሚለውን ሰው እዚያ ገደል ሥር አቁሙልኝ።

ጠፍሩ ደግሞ አንድ አይደለም። አንዱን በእጅህ ትይዛለህ። ሌላው ወገብህ ላይ ይታሰራል፤ ጫፉን የያዘው ሰው ከላይ ሆኖ ይስብሃል። እንግዲህ «ኢንትሮዳክሽን» ከላቲን ሲመጣ ትርጉሙ ወደ ውስጥ መምራት ነው፤ የሚመራ ሰው አለው። እኛ «መግቢያ» ስንለው ሰውዬው ጠፋ። ለጆሮ ባያምርም «ማስገቢያ» ይቀርበው ነበር። መጽሐፉ በእጅህ የምትይዘው ጠፍር ነው። የወገቡ ደግሞ መምህር ነው፣ ወይም አብሮህ የሚያነብ ጓደኛ፣ ወይም ከምዕራፉ መጨረሻ ያለው መልመጃ። ብቻውን የወጣ የለም አልልም፤ አለ። እጁን ጠይቁት።

ትውፊቱም ለእኔ ነገር የተመቸ ነው። አቡነ አረጋዊ መጀመሪያ የወጡት በዘንዶ ነው ይባላል። ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ ግን ዐፄ ገብረ መስቀል መወጣጫ አሠሩ። ሕንፃው ሲያልቅ መወጣጫው ይፍረስ ተባለ፤ «ዳሞ» የሚለው ስም ራሱ «አፍርሰው» ከሚል ቃል መጣ የሚሉ አሉ። የሒሳብ መጽሐፍ ጸሐፊም እንዲሁ ነው። ራሱ በመወጣጫ ይወጣል። ሲጨርስ ያፈርሰዋል። አንባቢ ሲመጣ የሚያየው ገደሉን ነው። (ምሳሌው ሁሉም ቦታ አይሠራም። ደብረ ዳሞ ሴት አትወጣም፤ እኔ ክፍል ውስጥ ግን ባለፉት ሁለት ዓመታት ቀድመው የወጡት ሴቶች ናቸው።)

ተማሪዬን «የት ላይ ነው የቆምከው?» አልኩት። ቢግ ኦ፣ ማለትም ግብዓቱ ሲጨምር የአልጎሪዝም ሥራ ቢበዛ በምን ፍጥነት እንደሚያድግ የሚናገረው ምልክት፣ የሚፈታበትን ገጽ ከፈተ። «እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ። አንድ ላይ ሲሆን ነው የማይገባኝ» አለ። ቃል በቃል ትክክል ብሏል። የሚጎድለው እውቀት አልነበረም፤ «አለ» እና «ለሁሉም» የሚሉት ቃላት ቅደም ተከተላቸው ሲቀየር ዓለም እንደሚቀየር አልለመደም። «ለእያንዳንዱ ቤት የሚከፍተው ቁልፍ አለ» በለው። ከዚያ «ሁሉንም ቤት የሚከፍት አንድ ቁልፍ አለ» በለው። ሁለተኛው ሰፈር ውስጥ ማደር አልፈልግም። ቢግ ኦ የሁለተኛው ዓይነት ነው፦ መጀመሪያ አንድ ቋሚ ቁጥርና አንድ መነሻ ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ለሁሉም ያው አንዱ ማገልገል አለበት።

ምሳሌው ነ² + 100ነ የ ነ² ቢግ ኦ ነው የሚል ነበር፤ ነ የግብዓቱ መጠን ነው፣ ከመነሻው ጀምሮ ነ² + 100ነ ነ² በቋሚው ተባዝቶ ከሚሰጠው አይበልጥም ማለት ነው። ማረጋገጫው እንዲህ ይጀምራል፦ «ቋሚው 2፣ መነሻው 100 ይሁን።»

«ቲቸር፣ 2 ከየት መጣ?»

ይሄ ነው የፈረሰው መወጣጫ። ጸሐፊው መጀመሪያ ቁራጭ ወረቀት ላይ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ሠርቷል። ነ² + 100ነ ከ2ነ² እንዳይበልጥ ምን ያስፈልጋል? 100ነ ከ ነ² መብለጥ የለበትም። ያ የሚሆነው ነ 100 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። አገኘው። ቁራጩን ጣለ። መጽሐፉ ላይ «ይሁን» ብሎ እንደ እግዜር ጀመረ። ልጁ ቁራጩን ወረቀት ሲያየው፣ «ይሄንን ለምን አይጽፉትም?» ብሎ ተናደደ። ደስ አለኝ። ከራሱ ላይ ወርዶ መጽሐፉ ላይ ተናደደ።

(ቢግ ኦ ጣሪያ ነው እንጂ ልክ አይደለም። ያው ነ² + 100ነ የ ነ³ም ቢግ ኦ ነው። ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «ቢግ ኦው ስንት ነው?» የሚሉት ሰዎች ቴታ፣ ማለትም ጣሪያውንም ወለሉንም አንድ ላይ የሚይዘውን ምልክት፣ ማለታቸው ነው። በሱ ሌላ ቀን ነው የምናደደው።)

በአንድ ማታ ስንት ገጽ እንደሚያነብ ጠየቅሁት። ሃያ አለኝ። ልብ ወለድ ሲያነብ በለመደው ፍጥነት ነው የሄደው። እኔ ለዘርፉ አዲስ በሆንኩበት መጽሐፍ በማታ ሦስት ገጽ ከሄድኩ ቤቴ ስገባ እያፏጨሁ ነው። ይህን ማንም ነግሮት አያውቅም። መቅድሞቹም ቢሆኑ አይናገሩትም፤ «ቅድመ እውቀት አያስፈልግም፣ ጥቂት የሒሳብ ብስለት ብቻ» ብለው ያልፋሉ። ቡርባኪ በሚል የጋራ ስም ይጽፉ የነበሩት ፈረንሳዮች ሒሳብን ከዜሮ እንጀምራለን ካሉ በኋላ፣ ከአንባቢ የሚጠበቀው የሒሳብ አስተሳሰብን መልመድና ረቂቅ ነገር የማሰብ ችሎታ ብቻ ነው አሉ። «ብቻ» ይሏታል! 15 ሜትሯ እሷ ናት።

መካሪያችን ይሄን ቢያነብ «እኔ ግን በወር ጨርሼዋለሁ» ይል ይሆናል። ይጨርስ። እኔ የምጠይቀው የስንተኛውን ምዕራፍ መልመጃ ሠርተህ ነው የሚለውን ብቻ ነው። ልጆቹን ግን ፊልዱ የእናንተ አይደለም አይበልብኝ።

ልጁ ከሄደ በኋላ ማታ ላይ በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ቋሚው 101 ከሆነ መነሻው 1 ይሆናል አይደል?» ይሆናል አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ቋሚው 1 ከሆነስ?» አለ። መልሱን አልነገርኩትም። ተኛሁ። ጠዋት ስልኬን ስከፍተው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የገባ መልእክት ነበር፦ «አይሆንም። 100ነ ሁልጊዜ ትርፍ ይቀራል።»